በርቀት መማር ያለ መምህር መማር ነውን?

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር፣ ተማሪዎች ሊመረቁ ሲሉ የሚወስዱት የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ መስኮች ተሰጠ። ውጤቱ ይፋ ሲሆን ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከተፈተኑት 62 በመቶ ገደማ፣ ከግል ተቋማት ከተፈተኑት ግን 17 በመቶ ገደማ ብቻ ማለፋቸው ተነገረ። ከግል ተቋማት ተፈታኞች መካከል የርቀት ተማሪዎችም ስላሉ፣ ከዚያ ወዲህ ውጤት በወጣ ቁጥር አንድ ክርክር አብሮ ይነሣል። አንዱ ወገን የርቀት ትምህርት የዲግሪ መሸጫ ሆኗልና ይዘጋ ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ዓለም ወደ ኦንላይን ትምህርት እየገሰገሰ እኛ በር የምንዘጋበት ምክንያት የለም፣ ስልክ በእጁ የያዘ ሁሉ ዩኒቨርሲቲ መግባት ይችላል ሲል ተስፋውን ይናገራል።

ሁለቱም ወገኖች የሚያወሩት ስለ ማስተላለፊያው መንገድ ነው፤ በክፍል ነው፣ በሞጁል ነው ወይስ በስክሪን? ትምህርቱ የሚሳካው ወይም የሚከሽፈው ግን ከዚያ ይልቅ በሁለት ነገሮች ነው። ተማሪው ሲሳሳት የሚያርመው ማን ነው? ለእርማቱ የሚከፈለው ገንዘብስ ከየት ይመጣል? ይህ ጽሑፍ ክርክሩን በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በኩል ለመፈተሽ ይሞክራል።

ስሞቹን እንለያቸው

በአደባባይ ንግግር «ርቀት»፣ «ኦንላይን»፣ «ኤክስቴንሽን» እና «ክረምት» የሚሉት ቃላት እየተቀላቀሉ ይነገራሉ። የማታ (ኤክስቴንሽን) እና የክረምት መርሐ ግብር ተማሪ ሰዓቱና ወቅቱ ይለያል እንጂ ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ የሚማር ነው። ስለዚህ የርቀት ተማሪ አይባልም።

የርቀት ትምህርት መምህርና ተማሪ በቦታ ተለያይተው የሚማማሩበት ሥርዓት ነው። በአገራችን መልኩ የታወቀ ነው። ተማሪው ቤቱ አቅራቢያ ባለ ማዕከል ይመዘገባል፤ ሞጁል ይረከባል፤ አሳይመንት ሠርቶ ያስገባል፤ በሴሚስተሩ ውስጥ አንዴ ወይም ሁለቴ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜና እሑድ፣ ቱቶሪያል ይሰጠዋል፤ በመጨረሻም በአካል ተገኝቶ ይፈተናል። ሞጁል የሚባለው ተማሪው ለብቻው እንዲያጠናው ተብሎ የተዘጋጀ መማሪያ ነው። በደንብ ከተዘጋጀ መምህሩ በክፍል ውስጥ የሚያደርገውን ሁሉ፣ ማለትም ማስረዳቱን፣ ምሳሌ መስጠቱንና ጥያቄ መጠየቁን፣ በወረቀት ላይ መተካት ይኖርበታል። ከመማሪያ መጽሐፍ የሚለየውም በዚህ ነው። በዚህ ሥርዓት ኢንተርኔት ግዴታ አይደለም።

የኦንላይን ትምህርት ትምህርቱም፣ ውይይቱም፣ ብዙውን ጊዜ ምዘናውም በኢንተርኔት የሚካሄድበት ነው። እሱም ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መምህርና ተማሪ በአንድ ሰዓት በቪዲዮ የሚገናኙበት ቀጥታ ትምህርት ነው። ሁለተኛው ተማሪው በተመቸው ሰዓት እንደ ሙድል ባለ የመማሪያ መድረክ ላይ ገብቶ የተቀመጠለትን ትምህርት የሚከታተልበት ነው። ክፍልንና ኢንተርኔትን የሚያጣምረው ደግሞ ቅይጥ ትምህርት ይባላል።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ በፈቃድ ላይ ሕጋዊ ውጤት አለው። በኢትዮጵያ የእውቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለተቋሙ ስም በጅምላ አይደለም። ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክ፣ ለሚሰጥበት ቦታና ለሚሰጥበት መንገድ ለየብቻ ነው። በመደበኛ መርሐ ግብር አካውንቲንግ እንዲያስተምር የተፈቀደለት ኮሌጅ በዚያው ወረቀት በርቀት ማስተማር አይችልም። «ተቋሙ እውቅና አለው» የሚለው ማስታወቂያ እውነት ሆኖ ሳለ ተማሪው የተመዘገበበት መርሐ ግብር ፈቃድ የሌለው ሊሆን የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ቤተሰብ ያጠራቀመውን ገንዘብ ያጣው ይህን አንዲት ነገር ሳያጣራ ቀርቶ ነው።

ከፖስታ ወደ ስክሪን

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1840 ይስሐቅ ፒትማን የተባለ እንግሊዛዊ አጭር ጽሕፈት (ንግግርን በምልክቶች ፈጥኖ የመጻፍ ዘዴ) በፖስታ ማስተማር ጀምሮ ነበር። ተማሪዎቹ የሠሩትን መልመጃ ይልኩለታል፤ እሱም አርሞ ይመልስላቸዋል። በዚያች ትንሽ ልምምድ ውስጥ የርቀት ትምህርት ሙሉ አካል አለ፤ ከሁሉም በላይ እርማቱ አለ። በ1873 የተመሠረተው የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ ከ1946 ጀምሮ በርቀት የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ኔልሰን ማንዴላ በእስር ላይ ሳሉ የሕግ ዲግሪያቸውን ያጠናቀቁት በዚሁ ተቋም ነው። የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በ1969 ሲቋቋም፣ የሕንዱ ኢንዲራ ጋንዲ ብሔራዊ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በ1985 ተከተለ። የእነዚህ ተቋማት ዲግሪ በብዙ ቦታ የተከበረ ነው። እናም «በርቀት የተገኘ ዲግሪ በተፈጥሮው ደካማ ነው» የሚለው አባባል ከታሪክ ጋር አይገጥምም።

በኢትዮጵያም የርቀት ትምህርት በሬዲዮና በጽሑፍ መምህራንን በሥራ ላይ እያሉ ለማሻሻል ለረጅም ጊዜ አገልግሏል። የግል ተቋማት ወደ ከፍተኛ ትምህርት ሲገቡ ደግሞ አልፋ እና ቅድስት ማርያም የመሳሰሉት በየክፍለ ሀገሩ ማዕከላት ከፍተው ሞጁል ማሠራጨት ጀመሩ። ዩኒሳም በአዲስ አበባ ማዕከል ከፍቶ ለብዙ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይም ለዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ በር ሆነ።

በ2002 ዓ.ም. ክረምት ግን ትምህርት ሚኒስቴር የጥራት ጉድለትን ምክንያት አድርጎ የርቀት ትምህርትን በሁሉም ተቋማት አገደ። ከወራት ድርድር በኋላ እገዳው በቅድመ ሁኔታዎች ተነሣ። ከዚያ ክስተት የሚቀሰም ትምህርት ያለ ይመስለኛል። እገዳው ደካማውንና ጠንካራውን ተቋም በአንድ ላይ መታ፤ ሲነሣም ሁለቱን በአንድ ላይ መለሰ። አንድ የርቀት መርሐ ግብር ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው የሚያሰኘው ምን እንደሆነ ለሕዝቡ የሚያሳይ መለኪያ ሳይበጅ ቀረ። ዛሬ «ይዘጋ» የሚለው ጥሪ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በአዲስ ጉልበት ሲመለስ፣ ያው የጎደለው መለኪያ አብሮት ይመለሳል።

ርቀቱ የሚለካው በኪሎ ሜትር አይደለም

በፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ማይክል ሙር ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያዳበሩት አንድ ጠቃሚ ሐሳብ አለ። በአማርኛ «የመስተጋብር ርቀት» ልንለው እንችላለን። በእሳቸው አመለካከት በትምህርት ውስጥ ርቀት የሚባለው በመምህሩና በተማሪው መካከል የሚፈጠር የመግባባት ክፍተት ነው። ክፍተቱ የሚሰፋውና የሚጠበው በሦስት ነገሮች ነው፦ በመካከላቸው ባለው ምልልስ መጠን፣ ትምህርቱ በተዋቀረበት መንገድና ተማሪው ራሱን ችሎ ለመማር ባለው አቅም።

በዚህ ዓይን ካየነው፣ ሦስት መቶ ተማሪ በታጨቀበት አዳራሽ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሴሚስተሩን ሙሉ አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቅ፣ አንዲትም የታረመች ወረቀት ሳያይ የሚወጣ የመደበኛ ተማሪ ከመምህሩ በጣም የራቀ ነው። በአንጻሩ ጎንደር ተቀምጦ አዲስ አበባ ካለ አስጠኚው በየሁለት ሳምንቱ በአስተያየት የተሞላ ወረቀት የሚመለስለት ተማሪ ቅርብ ነው። መደበኛውን ትምህርት እንደ ሙሉ፣ የርቀቱን እንደ ጎደሎ አድርጎ ማነጻጸር የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ነገር፣ ማለትም የተማሪው ራስን የመምራት አቅም፣ በእኛ ሁኔታ ልዩ ክብደት አለው። የአገራችን ትምህርት ቤቶች ከታች ጀምሮ በአብዛኛው መምህሩ ተናግሮ ተማሪው በሚጽፍበት ልማድ ላይ የቆሙ ናቸው። ሞጁል አንብቦ የገባውን ካልገባው መለየት፣ ያልገባውን በጥያቄ መልክ ማስቀመጥ፣ የጥናት ጊዜን በራስ ማበጀት፣ እነዚህ ሁሉ መማር ያለባቸው ክህሎቶች ናቸው። ሞጁሉ በእንግሊዝኛ መጻፉ ሸክሙን እጥፍ ያደርገዋል። የክፍል መምህር ባይፈቀድለትም በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ጣል እያደረገ ያስረዳል፤ ወረቀቱ ግን ፊት አይቶ ቋንቋ አይለውጥም። ለሥራ፣ ለልጆችና ለቤት ኑሮ የሚሮጥ ጎልማሳ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ሞጁሉን ሲከፍት የሚገጥመው ይህ ነው።

ርካሽነቱ ከየት ይመጣል?

የርቀት ትምህርት ርካሽ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ምኑ ርካሽ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ወጪው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ተማሪው አንድም ይሁን አሥር ሺህ የማይለወጥ ነው፦ ሞጁል ማስጻፍ፣ ማስገምገም፣ መድረኩን መሥራት፣ ቪዲዮ መቅረጽ። ሁለተኛው በእያንዳንዱ ተማሪ ቁጥር የሚያድገው ነው፦ ማረም፣ ጥያቄ መመለስ፣ ማስጠናት፣ መፈተን።

ለምሳሌ ያህል አንድ ሞጁል ማዘጋጀት 400,000 ብር ይፈጃል እንበል። ተማሪዎቹ 200 ከሆኑ ወጪው በነፍስ ወከፍ 2,000 ብር ነው፤ 4,000 ከሆኑ ግን 100 ብር ይሆናል። ተቋማት ብዙ ተማሪ ለመመዝገብ የሚሽቀዳደሙት ይህን ቁልቁለት አይተው ነው። አሁን ወደ ሁለተኛው ወጪ እንሂድ። እነዚያ 4,000 ተማሪዎች በአንድ ኮርስ ሁለት ሁለት አሳይመንት ቢሠሩ፣ አንዱን አሳይመንት በቅጡ ለማረምና አስተያየት ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ቢበቃ፣ ጠቅላላው 4,000 ሰዓት ነው። በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ አንድ መምህር ሌላ ሥራ ሳይነካ 100 ሳምንት ይፈጅበታል። ለአንድ ኮርስ፣ ለአንድ ሴሚስተር።

ይህን ሥራ በአራት ሳምንት ለመጨረስ ለዚያ ኮርስ ብቻ 25 መምህራን ያስፈልጋሉ። ከዚህ በኋላ ተቋሙ ፊት ሁለት መንገድ ይቆማል። አንደኛው አራሚዎችን መቅጠር ነው፤ ያኔ ትምህርቱ ያን ያህል ርካሽ አይሆንም። ሁለተኛው አሳይመንቱን ተቀብሎ፣ ገረፍ ገረፍ አድርጎ ነጥብ ሰጥቶ፣ ወይም ጭራሽ ሳይመልስ መደርደሪያ ላይ መተው ነው። ሁለተኛውን የመረጠ ተቋም ወዲያውኑ አይጋለጥም። ተማሪው አይጮህም፤ ነጥብ አግኝቷልና። ተቆጣጣሪው አያየውም፤ ሞጁሉ ታትሟል፣ ማዕከሉ ተከራይቷል፣ የመምህራን ዝርዝር በፋይል ውስጥ አለ። ኪሳራው የሚታየው ከአራት ዓመት በኋላ በመውጫ ፈተናው ቀን ነው።

በርቀት ትምህርት ስማቸው የተከበረ ተቋማት የመጀመሪያውን መንገድ የመረጡ ናቸው። ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን በትናንሽ ቡድን ከፍሎ ለእያንዳንዱ ቡድን አስጠኚ ይመድባል፤ አስጠኚው የሚያርመው ወረቀት ማስተማሪያም ነው። የማስተማሩ ትልቁ ክፍል የሚፈጸመው በወረቀቱ ኅዳግ ላይ በሚጻፈው ማስታወሻ ነው። ፒትማን በ1840 ያደርግ የነበረው ይህንኑ ነው።

ያለ ሰው ድጋፍ የቀረበ ትምህርት ምን እንደሚያመጣ ለማየት በ2012 (እ.ኤ.አ.) ገናና የሆኑትን ሰፊ ክፍት የኦንላይን ኮርሶች መመልከት ይበቃል። ኮርሴራ እና ኤዴክስ የተባሉት የእነዚህ ኮርሶች መድረኮች በዚያ ዓመት ሲጀመሩ ዩኒቨርሲቲዎችን ይተካሉ የሚል ግምት ነበር። የአሜሪካዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሃርቫርድና ኤምአይቲ በኤዴክስ በኩል የሰጧቸው ኮርሶች መረጃ ሲተነተን በ2017–18 ከተመዘገቡት ኮርሱን የጨረሱት 3 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነው ተገኙ። ለተረጋገጠ ሰርተፊኬት ከከፈሉት መካከል ግን 46 በመቶ ገደማ ጨርሰዋል። ከታላላቆቹ መምህራን አንደበት የወጣ፣ በጥራት የተቀረጸ ትምህርት በነጻ መገኘቱ ብቻውን ተማሪ አላፈራም። ይዘት በዝቷል፤ የጎደለው ተማሪውን ጠርቶ «የት ደረስክ? የት ደረስሽ?» የሚል ሰው ነው።

የመረቡ ሂሳብ

ኦንላይን ትምህርትን እንደ ፈውስ የሚያዩ ወገኖች ጠንካራ ነጥብ አላቸው። ሞጁል ለማሳተምና ለማጓጓዝ የሚወጣው ገንዘብ ይቀራል፤ የተሳሳተ ገጽ በአንድ ቀን ይታረማል፤ ተማሪና አስጠኚ በየቀኑ ሊገናኙ ይችላሉ። ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን እና ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን የኦንላይን የማስተማር አቅም ለመገንባት የጀመረው ሥራም የዚህ ተስፋ አካል ነው።

ነገር ግን በቪዲዮ ላይ የተመሠረተ ትምህርት በተማሪው ኪስ ላይ የሚጥለው ሸክም ሊሰላ ይገባል። በሰከንድ አንድ ሜጋቢት የሚወስድ መካከለኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይበላል። በሳምንት ሦስት ሰዓት የሚሰጥ ኮርስ በ16 ሳምንት 48 ሰዓት ነው፤ ይህ ከ21 ጊጋባይት በላይ ይሆናል። አምስት ኮርስ የያዘ ተማሪ በሴሚስተር ከ100 ጊጋባይት በላይ ያስፈልገዋል። ያው 48 ሰዓት ትምህርት በድምፅ ብቻ፣ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ቢቀረጽ ግን 1.4 ጊጋባይት ገደማ ብቻ ነው። የጽሑፍ ሞጁሉማ በጥቂት ሜጋባይት ያልቃል።

የዚህ ሂሳብ ትርጉም ቀላል ነው። ዘመናዊ የሚመስለው አማራጭ ለብዙው ተማሪ ከሁሉም የራቀው አማራጭ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ የሚወርድ ድምፅና ጽሑፍ፣ በቴሌግራም የሚመለስ ጥያቄ፣ በስልክ የሚደረግ አጭር ማስጠናት በቴክኖሎጂ ኋላ ቀር ቢመስሉም፣ የመስተጋብር ርቀቱን ከውድ ቪዲዮ ይልቅ ያጠባሉ። በማስታወቂያ ላይ ግን አያምሩም፤ የሚታለፉትም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው ወደ ኦንላይን ለመሸጋገር የተደረገው ሙከራ ይህንኑ አሳይቷል። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በተወሰነ ደረጃ መቀጠል ሲችሉ፣ ከግቢ ወጥቶ ወደየገጠሩ የተመለሰው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ግን በአብዛኛው ትምህርቱ እስኪከፈት ድረስ ሲጠብቅ ቆየ። ከመብራትና ከኔትወርክ እጥረት በላይ ደግሞ አገልግሎቱ ራሱ ሲቋረጥ አይተናል፤ በሰኔ 2012 መጨረሻ በመላ አገሪቱ ለሳምንታት፣ በትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ገደማ፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ክረምት ጀምሮ ለብዙ ወራት። ሙሉ በሙሉ በኦንላይን ላይ የቆመ ዲግሪ እንዲህ ባለ ጊዜ መማሪያውንም፣ መምህሩንም፣ ፈተናውንም በአንድ ቀን ያጣል። የታተመ ሞጁል በእጁ ያለ ተማሪ ቢያንስ ማንበቡን ይቀጥላል። ኦንላይን መርሐ ግብር ሲፈቀድ «መረቡ ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?» የሚለው ጥያቄ የፈቃዱ አካል መሆን አለበት።

የመውጫ ፈተናው የመዘነው ማንን ነው?

ወደ መነሻችን እንመለስ። የ62 እና የ17 በመቶው ልዩነት የርቀት ትምህርትን መውደቅ ያረጋግጣል ወይ? በቀጥታ አያረጋግጥም። የግል ተቋማት ተፈታኞች መደበኛ፣ የማታና የርቀት ተማሪዎችን አቀላቅለው የያዙ ናቸው። ከዚህም በላይ ሁለቱ ወገኖች ከአንድ መስመር አልተነሡም። ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚመደበው በ12ኛ ክፍል ፈተና የተሻለ ውጤት ያመጣው ነው፤ ብዙው የግል ተቋም ተማሪ ከዚያ በታች ያመጣ፣ እየሠራ የሚማር ነው። በመግቢያው ላይ የነበረውን ልዩነት ሳይቀንሱ መውጫው ላይ ያለውን ሁሉ ለማስተማሩ መስጠት ስሕተት ነው። ይህ ማለት ግን 17 በመቶ ይቅር የሚባል ቁጥር ነው ማለት አይደለም። ተማሪውን መዝግቦ፣ ክፍያውን ተቀብሎ፣ በየሴሚስተሩ አልፈሃል እያለ አራት ዓመት የመራው ተቋም የራሱ ምዘና ምን እየመዘነ እንደነበር መጠየቅ አለበት።

ፈተናውን የሚተቹ ወገኖች የሚያነሡት ነገር ክብደት አለው። በምርጫ ጥያቄ የሚሰጥ አንድ ፈተና የአራት ዓመት ዕውቀትን አይመዝንም፤ ተቋማትን ወደ ፈተና ማለማመጃ ይለውጣል፤ ቅጣቱም ያረፈው በተማሪው ላይ ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም ይከብደኛል። ያላረመውና ያላስጠናው ተቋም ገንዘቡን ይዟል፤ ወጣቷ ግን ዓመታቷንም፣ ብሯንም፣ ዲግሪዋንም አጥታ ትመለሳለች።

የፈተናው ደጋፊዎች ምክንያትም እንዲሁ ጠንካራ ነው፤ በሕዝብ ክርክር ውስጥ በቂ ትኩረት ያላገኘ ጎንም አለው። ከፈተናው በፊት ቀጣሪ የርቀት ዲግሪን የሚመዝነው በጥርጣሬ ነበር፤ ትጉሁም ዲግሪውን ገዝቶ የመጣውም አንድ ዓይነት ወረቀት ይዘው ይቀርቡ ነበር። አሁን በርቀት የተማረው ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መደበኛ ተማሪ ጋር አንድ ፈተና ተፈትኖ፣ አንዱን 50 በመቶ መስመር አልፎ ይመጣል። ለሐቀኛው የርቀት ተማሪ ይህ ከሁሉም የተሻለ ጥበቃ ነው።

በዚህ ላይ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉዳይ ተጨምሯል። ቤት ወስዶ የሚሠራ አሳይመንት ቀድሞም በገንዘብ የሚሠራለት ሰው ነበረው። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ግን ቻትጂፒቲና መሰሎቹ ያንኑ ሥራ በደቂቃ ያለ ክፍያ ይሠራሉ። አሳይመንት ነጥብ መስጫ ሆኖ ከቀጠለ ትርጉሙን ያጣል። መፍትሔው ግን አሳይመንቱን መተው አይመስለኝም፤ ነጥቡን አሳንሶ እርማቱን ማብዛት ነው። ተማሪው ያስገባውን ሥራ በተመለከተ በቱቶሪያሉ ቀን አምስት ደቂቃ በቃል መጠየቅ፣ ወይም በማዕከሉ ተቀምጦ አንዱን ጥያቄ በእጁ እንዲመልስ ማድረግ ይቻላል። ይህም ተመልሶ ሰው ይፈልጋል፤ ሰው ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል።

ዲግሪው ድንበር ሲሻገር

በኢትዮጵያ ተቀምጠው በውጭ ዩኒቨርሲቲ በኦንላይን የሚማሩ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በእስራኤልና በአሜሪካ ሆነውም በትርፍ ሰዓታቸው ዲግሪ የሚከታተሉ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። ለእነሱ ዋናው ጥያቄ ዲግሪው የት ይታወቃል የሚለው ነው።

በአሜሪካ እውቅና የሚሰጡት መንግሥታዊ ያልሆኑ አካላት ናቸው፤ ክብደት የሚኖራቸው ግን እነሱ ራሳቸው በፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት ወይም የከፍተኛ ትምህርት እውቅና ምክር ቤት ሲታወቁ ነው። ሐሰተኛ ተቋማት የራሳቸውን ሐሰተኛ «እውቅና ሰጪ» እስከ መፍጠር ይደርሳሉ፤ ስለዚህ «እውቅና አለው» ለሚል መልስ «ከማን?» የሚል ሁለተኛ ጥያቄ መከተል አለበት። ወደ ኢትዮጵያ ይዞት ለሚገባ ሰው ደግሞ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ይሠራል። በተለይ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ዲግሪው በአካል ይሁን በርቀት የተገኘ መሆኑን የሚጠይቁ አሉ። ዋጋ ያለው ዲግሪ በዚህ ምክንያት ብቻ ለሥራ ፈቃድ ላይቆጠር ይችላል፤ ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ከመመዝገብ በፊት ነው።

አቅጣጫው ግን ወደ መቀበል ያዘነበለ ነው። በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመውና በ2012 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው፣ በከተማችን ስም «የአዲስ ኮንቬንሽን» የሚባለው የአፍሪካ አገሮች ስምምነት፣ እንዲሁም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ስምምነት የትምህርት ማስረጃዎች በአገሮች መካከል በፍትሐዊ መንገድ እንዲመዘኑ ይጠይቃሉ። ዓለም አቀፉ ስምምነት ከመደበኛው ውጪ በሆነ መንገድ የተገኘ ትምህርትንም ይጨምራል።

ወዴት እያመራ ነው?

የመውጫ ፈተናውና የ12ኛ ክፍል ውጤት ተደማምረው ገበያውን እየለወጡት ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። የመግቢያ መስፈርት የሚያወጣው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ ትምህርቱ በርቀት በመሆኑ ብቻ መስፈርቱ አይቀርም። ስለዚህ በብዙ ተመዝጋቢ ላይ የቆመው የቀድሞው ስሌት ይናጋል። ተመዝጋቢ ሲቀንስ ያ 400,000 ብር የሚካፈልበት ሰው ያንሳል፤ ክፍያ ይጨምራል፤ አቅም የሌላቸው ይዘጋሉ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በኦንላይን ወደዚሁ መስክ ሲገቡ ፉክክሩ ይበረታል። ይህ ጥሩም መጥፎም ሊሆን ይችላል። የሚፈራው ግን የሚቀሩት ትልልቆቹ ተቋማት በከተሞች ላይ ብቻ አተኩረው የወረዳ ማዕከላትን ዘግተው እንዳይወጡ ነው።

እዚያ ወረዳ ላይ ያለው ማን እንደሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል። ክፍሉን ትቶ ግቢ መግባት የማይችል የአንደኛ ደረጃ መምህር፣ የጤና ጣቢያ ነርስ፣ የቀበሌ ሠራተኛ፣ ልጅ የያዘች እናት፣ ለማታ ትምህርት በጨለማ መመላለስ የምትፈራ ወጣት፣ አካል ጉዳተኛ። ለእነዚህ ሰዎች የርቀት ትምህርት ከመደበኛው ጋር የሚወዳደር ሁለተኛ ምርጫ አይደለም፤ ሌላ ምርጫ የላቸውም። «ይዘጋ» የሚለው ቃል በቀላሉ የሚነገረው ሌላ ምርጫ ባለው ሰው ነው።

በ2002 ዓ.ም. የጎደለው መለኪያ ዛሬ ሊሠራ ይችላል፤ መረጃው ከመውጫ ፈተናው ይገኛል። ውጤቱ በተቋም ብቻ ሳይሆን በመርሐ ግብርና በማዕከል ተለይቶ በየጊዜው ቢታተም፣ ተማሪውም ቀጣሪውም የትኛው የርቀት መርሐ ግብር እንደሚያስተምር በዓይኑ ያያል፤ ተቆጣጣሪውም የሚዘጋውን ለይቶ ይዘጋል። የእውቅና ፈቃድ ሲታደስ ከሕንፃውና ከመደርደሪያው በፊት የታረሙ አሳይመንቶች ናሙና ቢመረመር፣ አንድ አስጠኚ የሚይዘው የተማሪ ብዛት በመመሪያ ቢወሰን፣ በሐሰት ማስታወቂያ ተታልሎ የተመዘገበ ተማሪ ክፍያው እንዲመለስለት ቢደረግ፣ ሸክሙ ከተማሪው ጫንቃ ወደ ተቋሙ መዛወር ይጀምራል።

እስከዚያው ድረስ ለመመዝገብ የሚሄድ ሰው በመስኮቱ ፊት ቆሞ ሊጠይቃቸው የሚችላቸው ጥያቄዎች አሉ። ለዚህ የትምህርት መስክ፣ በዚህ ማዕከል፣ በርቀት ለማስተማር የተሰጣችሁን ፈቃድ አሳዩኝ። ባለፈው የመውጫ ፈተና ከዚህ መርሐ ግብር ስንት ሰው ተፈትኖ ስንቱ አለፈ? የማስገባው አሳይመንት ታርሞ፣ አስተያየት ተጽፎበት በስንት ቀን ይመለስልኛል? ለዚህ ለመጨረሻው ጥያቄ ቀኑን ቆርጦ በጽሑፍ የሚሰጥ ተቋም ከተገኘ፣ ያ ቀን ውል ከተባለው ወረቀት ውስጥ የመጀመሪያው መስመር ላይ ይግባ።